ሄተር ከመግዛትሽ በፊት ውሃውን እዪው

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደሴ ላይ ምግብ ቤት አለሽ። ስቲመርሽ (በእንፋሎት የሚያበስለው ዕቃ) ባለ ሦስት ፌዝ፣ 9 ኪሎዋት ነው። ረመዳኑን ሙሉ ቆሞ ከርሞ የዒድ ማግስት ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል። አልፎ አልፎ እሺ ብሎ ሲሠራ ደግሞ «ደርሷል» የምትለዋ አረንጓዴ መብራት አትበራም። ያየው ሠራተኛ «ሦስቱም ሄተር ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ» ብሎሻል።

እኔ ኮምቦልቻ የሆቴልና የካፌ ወጥ ቤት ዕቃ እጠግናለሁ። ደሴም ይጠሩኛል። «ስቲመሩን መብራት በላው» ተብዬ ሄጄ ካየሁት ውስጥ አብዛኛው መነሻው ውሃ ነው። ሦስት ሄተር በአንድ ቀን ተቃጠለ መባሉም አይዋጥልኝም።

ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ቆሞ መክረሙ ነው። ሄተሩ ከውጭ የብረት ቱቦ ነው። ውስጡ የሚግል ሽቦ አለ። በሁለቱ መካከል ማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ታጭቋል። ዱቄቱ ደረቅ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ክፋቱ እርጥበት ይስባል። ጫፉ ላይ ያለው ማሸጊያ ካረጀ፣ ወር ሙሉ ሲቆም እርጥበቱ ይገባል። ስታበሪው ትንሽ ኃይል ወደ ብረቱ ይሾልካል፤ ብሬከሩም ይወርዳል። ያ ሄተር አልተቃጠለም። ረጥቧል።

የሚወርደው የትኛው ብሬከር እንደሆነ አልነገርሽንም። «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለበት ከሆነ፣ ወደ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት፣ የሚሾልከውን የሚቆጣጠረው ነው። 30 ሚሊአምፔር ይበቃዋል፤ ያኔ እርጥበቱን ጠርጥሪ። ተራው ብሬከር ከሆነና ገና ስታበሪው ጧ ብሎ ከወረደ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ተራው ሆኖ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ከወረደ ደግሞ ብሬከሩ ራሱ ላይ ወይም ኮንታክተሩ (ለሄተሮቹ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ላይ የላላ ብሎን ፈልጉ። የላላ ብሎን ይግላል፣ ብሬከሩንም ያሞቀዋል። የጠቆረ ሽቦ ካያችሁ እሱ ነው።

አሁን ያየልሽ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይለካ። ዋናውን ያጥፋ፣ መጥፋቱን ያረጋግጥ፣ የሄተሮቹን ሽቦ ይፍታ። በፌዞቹ መካከል 380 ቮልት ነውና አንቺ እንዳትነኪው። ዘጠኙ ኪሎዋት ለሦስት ሄተር እኩል ከተካፈለና እያንዳንዱ በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ፣ የአንዱ ንባብ ወደ 16 ኦም ነው። ሦስቱም 16 አካባቢ ካሉ ሽቦው ደህና ነው። ምንም ካላነበበ ያኔ ተቆርጧል፣ ያንን አንዱን ትቀይሪያለሽ። ቀጥሎ ከሄተሩ ጫፍ ወደ አካሉ ይለካ። እዚህ ላይ ተራ መልቲሜትር ያታልላል፤ የሚለካው በትንሽ ባትሪ ስለሆነ ሹልኩ ላይታየው ይችላል። 500 ቮልት የሚሰጥ ሜገር፣ ማለትም ሹልክ መለኪያ፣ ያስፈልጋል። ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ሄተሩ ውሃ ጠጥቷል።

የጠጣውን አልጥለውም። ፈትቼ፣ ጎማውንና ፕላስቲኩን አውጥቼ፣ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ 120 ዲግሪ ገደማ ላይ ጥቂት ሰዓት አደርቀዋለሁ። ከዚያ እንደገና እለካለሁ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ይጣላል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንድ ካፌ ውስጥ ሄተር ቀየርኩ፣ ገንዘቤን ተቀበልኩ። በሳምንቱ ያው ብሬከር ወረደ። ለካ የበሩ ጎማ ተቀዶ እንፋሎቱ በጎን እየወጣ የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር። አዲሱ ሄተር ምንም አላደረገም። አፍሬ ገንዘቡን መለስኩ። የበርሽን ጎማ እዪልኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብሬከሩ እንዳይወርድ ብሎ ቢጫና አረንጓዴውን የኧርዝ ሽቦ የሚነቅል አለ። አንድ ወጥ ቤት እንዲህ ተደርጎ ሽንኩርት የምትከትፈውን ልጅ የብረት ጠረጴዛው ሲነዝራት ደርሻለሁ። እንዲህ ልሥራ የሚልሽን ሰው ከቤትሽ አስወጪው።

ታንከሩንም ክፈቱት። ሄተሩ ላይ እንደ ኖራ የደረቀ ነጭ ቅርፊት ካለ ሙቀቱ አይወጣለትም፣ በራሱ ግለት ይሞታል። የውሃ ልክ የምታነበው ቀጭን ዘንግም በቅርፊት ከተሸፈነች ውሃ እያለ «የለም» ትላለች፤ ሄተሩ አይነሳም፣ ሰው ቦርዱ ተቃጠለ ይላል። ሲትሪክ አሲድ በሞቀ ውሃ ወይም አቼቶ ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በረኪና ግን አጠገቡ እንዳይደርስ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ስለ አረንጓዴዋ መብራት ደግሞ፦ እሷ ላትታመም ትችላለች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ዕቃው የተሠራው 100 ላይ ለሚፈላ አገር ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት 97 ላይ ከተሞላ ውሃው ቀኑን ሙሉ ቢፈላ እዚያ አይደርስም፤ መብራቷም አትበራም። እኛ ኮምቦልቻ 94 እናገኛለን፤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስትወጪ ሁለት ዲግሪ ትጥያለሽ። ግፊት የሌለው ስቲመር ከሆነ ቴርሞስታቱን ወደ 89 ወይም 90 ያውርደው። ድንቹና ህብስቱም ትንሽ ደቂቃ ይጨመርላቸው። የግፊት ከሆነ ይህ አይመለከተውም፤ የደህንነት ቫልቩንም ማንም አይንካው።

የብሬከሩንና ዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈችውን የብረት ጽሑፍ ፎቶ እዚሁ ለጥፊ። ቮልቱንና ዋቱን አይቼ 16 ኦም ያልኩት ለአንቺ ዕቃ ይሠራ እንደሆነ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ሄተር እንዳትገዢ።