ባለቤቱ ሲቀየር የስድስት ዓመቱ አገልግሎት የት ይገባል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ስምንት ሰው ባለበት የሶፍትዌር ድርጅት ስሠራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ፕሮግራማችን የፋርማሲና የእህል መደብር ሒሳብ ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል፣ ሌሊት መስመሩ ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ደንበኞቻችን በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ሥራዬን እወደው ነበር። አሁን ድርጅቱን አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ገዛውና «መልቀቂያ አስገቡ፣ በእኛ ደብዳቤ ትቀጠራላችሁ» ተባልን። ፕሮግራሙ በዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ እኔም ስልክ መላሽ ልሆን ነው። ልቤ ሸፍቷል። ብለቅ ምን ይቀርብኛል? የጻፍኩትን ኮድስ ይዤ መውጣት እችላለሁ?
ስሜ ይቆይ፣ ከሰኞ ገበያ

መልስ፦ አብሽሩ። መልቀቅዎ አይቀር ይሆናል፤ ያንን ወረቀት ግን አይፈርሙ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 23 መሠረት ድርጅት ቢዋሐድ፣ ቢከፋፈል ወይም ባለቤትነቱ ቢተላለፍ የሥራ ውል አይቋረጥም። ውሉ ካልተቋረጠ ደግሞ እንደ አዲስ የሚቀጠር ሰው የለም።

መልቀቂያውን የፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲሱ ደብዳቤ የቅጥር ቀንዎ ከዛሬ ይጀምራል። የዓመት ፈቃድዎ ወደ መነሻው 16 የሥራ ቀን ይመለሳል፤ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜም ሊጻፍብዎት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይቻላል። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ የሌለበት ከሆነ ነው። ስድስቱ ዓመት ከተቆረጠ ያ በር ተዘጋ። አዲስ ደብዳቤ ካልሰጠን ካሉ «የቀድሞው አገልግሎት ከመጀመሪያው የቅጥር ቀን አንስቶ ሳይቋረጥ ይቆጠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። ይህን ለመጻፍ ካመነቱ ሐሳባቸው ገባዎት ማለት ነው።

አሁን ስሌቱ። ደመወዝዎ 24,000 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፣ 24,000 ብር ገደማ። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ 8,000 ይታከላል፤ አምስት ዓመት 40,000። ድምሩ 64,000 ብር፤ ግብር ይቆረጥበታል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል።

ማስጠንቀቂያውን 30 ቀን አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ያስፈልጋል። ተናደው ያለ ማስጠንቀቂያ ቢወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ከቀሪ ክፍያዎ ሊቆረጥ ይችላል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ላፕቶፑን በእርስዎ ጥፋት ካዘገዩ ግን ጊዜው ይራዘማል። ስለዚህ በርክክብ ሰነድ ይመልሱ። ካልከፈሉዎት ክሱን በስድስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለብዎ፤ «ትንሽ ታገሺን» እያሉ ስድስቱን ወር የሚያስበሉ አሉ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፦ ገዢው «ማናጀር» የሚል ማዕረግ ቢያቀርብልዎ ከደመወዙ በፊት ሥልጣኑን ያንብቡ። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም።

ስለ ኮዱ መልሱ አጭርና መራራ ነው። በሥራ ላይ ሆነው የጻፉት ፕሮግራም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። በፍላሽ ቀድተው አይውጡ። በእጅዎ የሚቀረው ዕውቀቱ ነው፤ እሱም ዋጋ አለው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የደንበኞቹ መረጃ ወደ አዲሱ ይዛወራል። በአንድ መስመር ላይ የሽያጩ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የመድኃኒቱ ማብቂያ በፈረንጅ ከተጻፈ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉንም በአንድ ዓይነት ያነበዋል፤ ሁሉንም እንደ ፈረንጅ ከወሰደው የጳጉሜን ሽያጭ «13ኛ ወር» ሆኖ ይጣላል፣ ሁሉንም እንደ ኢትዮጵያ ቆጥሮ ወደ ፈረንጅ ከቀየረው ደግሞ የማብቂያ ቀኖቹ ወደ ሰባት ስምንት ዓመት ወደፊት ይሸሻሉ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ደህና መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከለቀቁ በኋላ ለሦስት ወር የመረጃ ማዛወር ሥራ በተለየ የአገልግሎት ውል፣ በሥራው ልክ በሚከፈል ዋጋ ያቅርቡላቸው። ከሥራ ውልዎ ጋር አያደባልቁት።

ርክክቡ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው በራሱ ስልክ የተከፈተውን ነገር ነው። የሰርቨሩ፣ የዶሜኑና የቴሌብር ክፍያው አካውንት ማረጋገጫ ኮድ ወደ እርስዎ ስልክ የሚመጣ ከሆነ፣ ከወጡ በኋላ በሌሊት የሚደወለው ለእርስዎ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ሳይገባ ቁጥሩ ይቀየር። የሞባይል አፑ በግል ጂሜይልዎ ፕሌይ ስቶር ላይ ከተጫነ አፑን ወደ ድርጅቱ አካውንት ያዛውሩት እንጂ ጂሜይሉን ከነፓስወርዱ አያስረክቡ። አፑ የሚፈረምበትን ቁልፍ ፋይል፣ ማሻሻያው ከድርጅቱ የመጣ መሆኑን የሚያረጋግጠውን፣ ለይተው ያስረክቡና የተቀበለውን ሰው ያስፈርሙ፤ እሱ ከጠፋ ማሻሻያ መጫን ጣጣ ነው፣ ጣቱም ወደ እርስዎ ይቀሰራል። በመጨረሻው ቀን የሚያውቋቸው ፓስወርዶች ሁሉ መቀየራቸውን የሚገልጽ አንድ መስመር በርክክቡ ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ በፔሮል 9,000 ብር እፈርማለሁ፣ በባንክ ግን 20,000 ይገባልኛል። ስለቅ የስንብት ክፍያዬ በየትኛው ነው የሚሰላው?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ልዩነቱ ምን ተብሎ ነው የሚከፈለው? የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአዋጁ ደመወዝ አይባሉም። በየወሩ ሳይቀያየር ለመደበኛ ሥራ የሚገባ ከሆነ ግን ደመወዝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ለዚህም ማኅተም ያለበት የባንክ መግለጫ ዛሬውኑ ያውጡ። ጡረታዎም፣ የእርስዎ 7 የአሠሪው 11 በመቶ፣ በ9,000ው ብቻ ሲገባ ከርሞ ይሆናልና የተመዘገበልዎትን አብረው ያጣሩ።