"ቀና እያለ ፊቴን ያየኛል"

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይሄ ነው። የ7 ዓመት ልጅ እናት ነች። ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ 20 ቃላት እየጠራች ታስጽፈዋለች። ልጁ "ትምህርት"ን "ትምርት"፣ "እህት"ን "እት" እያለ ይጽፋል። የሳተውን አሥር አሥር ጊዜ ታስደግመዋለች። አሁን አሁን ገና ደብተሩ ሲወጣ "ሆዴን አመመኝ" ብሎ ያለቅሳል። "ሰነፍ ሆነብኝ፣ ምን ላድርገው?" ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በየቀኑ ስንት ቃል እንደሳተ ቆጥረሽ ጽፈሽልኛል። ያገኘው ቃል ግን አንድም አልተጠቀሰም። ከ20 ውስጥ 8 ከሳተ እኮ 12ቱን አግኝቷል።

መሃል ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ደግሞ አለች፤ "አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር ቀና እያለ ፊቴን ያየኛል፣ ጊዜውን በዚህ ይጨርሰዋል።" አንቺ እንደ ሌላ ጥፋት ነው የቆጠርሽበት። ለእኔ ግን የደብዳቤሽ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው።

ልጁ ቀና የሚለው ምን ፈልጎ ነው? ልክ መሆን አለመሆኑን ከፊትሽ ሊያነብ ነው። ቅንድብሽ ሰብሰብ ካለ ላጲሱን ያነሳል። ዝም ካልሽ ይቀጥላል። አንድ ቃል ለመጻፍ ደግሞ ድምፁን በአእምሮ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ "ት"ን ሲጽፍ የቀረው እንዳይጠፋበት፣ ያውም ከ231 ፊደላት መሃል ትክክለኛውን እየመረጠ። ትንሽ ልጅ በአንዴ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነው። ፍርሃት ሲጨመርበት ቦታውን ፍርሃቱ ይወስደውና ቃሉ ያመልጠዋል። "ትናንት ያገኘውን ዛሬ ይስተዋል" ያልሽው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስንፍና ሆኖ አልታየኝም።

"ትምርት"ን እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ብዙዎቻችን ስናወራ እንደዚያ ነው የምንለው፣ "ህ"ዋ እምብዛም አትሰማም። ልጅሽ የሰማውን ጻፈ። ድምፅን ከፊደል ማገናኘት ችሏል ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የማትሰማዋን ፊደል ዓይኑ የሚለምዳት ቀስ በቀስ ነው፣ ደጋግሞ ሲያነብ።

አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳይከፋሽ። "እኔም በልጅነቴ ፊደል በገደፍኩ ቁጥር በማስመሪያ ተመትቻለሁ፣ ግን ጠቅሞኛል" ብለሻል። አንቺ ልጅሽን አትመቺውም፣ ይህን ጽፈሻል፣ አምንሻለሁም። ግን እሱ ሲስት የሚያናድድሽ ነገር፣ ያኔ እጅሽን ዘርግተሽ ስትጠብቂ የነበረው ፍርሃት ይሆን? ይመስለኛል። ልጁ ስለ ማስመሪያው አያውቅም፤ ፊትሽ ላይ ግን የሆነ ነገር ያያል።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ቃል መጥራቱን ብታቆሚው እመርጣለሁ። አብራችሁ አንብቡ፣ በቃ። ከዚያ በቀን 4 ወይም 5 ቃል፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ፤ ቃሉን ይየው፣ ይሸፍነው፣ ይጻፈው፣ ገልጦ ራሱ ያመሳክረው። ፊት ለፊቱ ከምትሆኚ ጎኑ ተቀመጪ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እሱ ይጥራና አንቺ ጻፊ፣ ያርምሽ። ለሁሉም ልጅ ይሠራል አልልም፣ ሞክሪው። ቶሎ ለውጥ ባታዪም ታገሺ።

ከወራት በኋላም የሚያውቃቸው ፊደላት ከተምታቱበት፣ ማንበቡም ከከበደው፣ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብና የመጻፍ ችግርም ሊኖር ይችላል፤ እሱን በደብዳቤ መለየት ስለማይቻል በአካል የሚያየው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ላንቺም እንደዚያው። ስለ ማስመሪያው የጻፍሽልኝ አንዲት መስመር ብቻ ነች። ከአማካሪ ጋር በአካል ቁጭ ብለሽ የቀረውን ብትነግሪው ደስ ይለኛል።