ወንድምህ የጀመረው ቤትና የአንተ ደወል

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ኖርዌይ ስታቫንገር ላይ ሦስት ዓመት በብየዳ ሠርተሃል፤ አሁን ጠላቂነት ተምረህ በሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮች ሥር በደወል፣ ማለትም ጠላቂዎችን ወደ ጥልቁ በሚያወርደው ክፍል፣ ከሚወርዱት መካከል መሆን ትመኛለህ። እናትህ ያለቅሳሉ። ታላቅ ወንድምህ ደግሞ ገና ያላገኘኸውን ደመወዝ ተማምኖ አዳማ ላይ በብድር ቤት ጀምሯል።

ኖርዌይኛህ በሥልጠናው ይጠነክራል። ሃያ ስድስት ዓመትም አልረፈደም።

የእናትህን ፍርሃት ግን አታቃልል። ብርጭቆ ደፍተህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ብትነክር አየሩ ውስጡ ይቀራል፤ የጥንቱ ደወል ይኸው ነበር። ስቶክሆልም ላይ ከሰጠመችው ከቫሳ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ከ50 በላይ መድፎች የወጡት በዚሁ ዘዴ ነው። የዛሬው ደወል ዝግ የብረት ክፍል ነው። ጠላቂዎቹ ከላይ በመርከብ ላይ ባለ፣ ግፊቱ ከጥልቁ ጋር በተስተካከለ ክፍል ለሳምንታት ይኖራሉ፤ ለሥራ በደወሉ ይወርዳሉ። አንዱ ደወሉ ውስጥ ቀርቶ የጓደኛውን ቱቦ ይጠብቃል፤ የሚተነፍሰው ጋዝና ገላውን የሚያሞቀው ውሃ የሚደርሰው በዚያ ቱቦ ነው። ከ100 ሜትር ጥልቀት ግፊት ወደ ተለመደው አየር ለመመለስ ብቻ ቀናት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ባይፎርድ ዶልፊን በተባለው መድረክ ላይ የክፍሉ በር ሳይዘጋ ደወሉ ተላቀቀ። ግፊቱ በቅጽበት ከተለመደው አየር ዘጠኝ እጥፍ ወደ ተለመደው ወረደ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ።

ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። በዚህ ሥራ «ዛሬ አልወርድም» ማለት መቻል አለብህ፤ ባለዕዳ ደግሞ ይህን ቃል ለመናገር ይቸገራል። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመታት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። የታናናሾቼን የትምህርት ክፍያ እያሰብኩ፣ አየሩ ያልተለካ ታንክ ውስጥ እያወቅሁ ገባሁ። ከንፈሬ ጠቁሮ ጓደኞቼ በገመድ ጎትተው አወጡኝ። የዚያን ወር ደመወዝ ለማንም አልከለከልኩም፤ እምቢ ማለት የነበረብኝን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ወንድምህ ተሳስቷል። ቤቱ የእርሱ ውሳኔ ነው፤ የአንተ ሳንባ መያዣ ሊሆን አይገባም።

በርገን ያለውን ሥልጠና ውሰድ፤ ብየዳህንም አትልቀቅ፣ ውሃ ውስጥም የምትፈለግበት እርሱ ነው። መጀመሪያ በወደቦችና በዓሣ እርባታ መረቦች ዙሪያ፣ ከላይ አየር እየተላከልህ ጥቂት ዓመታት ሥራ። ደወሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማመልከቻውን ከመላክህ በፊት ግን ለወንድምህ ደውለህ የቤቱን ወርሃዊ ክፍያ ከራሱ ገቢ እንዲያስተካክል ንገረው፤ እናትህም ስልኩ አጠገብ ሆነው ይስሙ።