ኢንፌክሽን ጡንቻን ሲያፈርስ፦ ስለ ራብዶማዮላይሲስ የቡድን አባላት ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቷል። ጭኑን ሲነኩት ይጮኻል፣ ሽንቱ ኮካ መስሏል። «ጡንቻው እየፈረሰ ነው» አሉን። ሳንባና ጡንቻ ምን አገናኛቸው?

ዶክተር፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እንዲህ ያለው የጡንቻ መፍረስ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል፤ ከኢንፌክሽን ጋር ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ግን አለ። ሌጂዮኔላ፣ ኒሞኮከስ፣ ስታፍ፣ ሳልሞኔላ፣ ሌፕቶስፓይራ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። አንዳንዱ ጡንቻው ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ በመርዙ ይጎዳል፤ ትኩሳቱ፣ ማንቀጥቀጡና የፈሳሽ እጥረቱም ያባብሱታል። የጡንቻው ሕዋስ ሲፈርስ ማዮግሎቢን (የጡንቻ ፕሮቲን) እና ፖታሲየም ወደ ደም ይፈስሳሉ። ማዮግሎቢኑ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ፖታሲየሙ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ሁሌም የምለውን ልድገመው፦ የሽንት ስትሪፕ ማዮግሎቢንን ከደም አይለይም። ስትሪፑ «ደም +++» ብሎ በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሕዋስ ከጠፋ ሲኬ (ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) ይታዘዝ። በጉበት ምርመራ የሚታየው ኤስጂኦቲ የተባለው ኢንዛይምም ከጡንቻ ይወጣል፤ ከፍ አለ ተብሎ ሁሉም «ጉበት» አይባል።

ጥያቄ፦ የኔ ሲኬ 1,200 ነው። ያሰጋኛል?

ዶክተር፦ ክሬቲኒንህስ (የኩላሊት ሥራ መለኪያው)? ፖታሲየምህስ? የኩላሊት ስጋቱ ጎልቶ የሚታየው ከ5,000 በላይ ነው፣ ግን በአንድ ቁጥር አይፈረድም። ነገ ይደገም።

ጥያቄ፦ ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ብወጋስ?

ዶክተር፦ አይሆንም! አይቡፕሮፌንም አይሆንም። ኩላሊቱ በጭንቅ ላይ እያለ የደም ዝውውሩን ይቀንሱበታል። ፋርማሲ ሄዶ «አንድ መርፌ ውጉኝ» ማለት ይቅር።

አባል፦ ትኩሳትና ቁርጥማት ካለ ታይፎይድ ነው፣ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ይሠራ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ አንድ ዊዳል ምንም አያረጋግጥም። የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደም አሳድጎ መለየት) ነው የሚያስፈልገው።

አባል፦ እኛ ወረዳ ካልቸር የት አለና?

ዶክተር፦ ላብራቶሪው እውነቱን ነው። የዊዳሉን ክርክር ሌላ ቀን። እዚህ የሽንት ቀለም ከተለወጠ ዊዳል እየጠበቃችሁ አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ትወስዳለች። ዛሬ ለደረቷ ክላሪትሮማይሲን ታዘዘላት።

ዶክተር፦ ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። ክላሪትሮማይሲን የሲምቫስታቲንን መሰባበር ስለሚያግድ መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ይከማቻል፣ ጡንቻም ያፈርሳል። ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጧ በፊት ላዘዘላት ሐኪም ደውል፤ ወይ አንቲባዮቲኩ ይለወጣል፣ ወይ ሲምቫስታቲኑ ለጊዜው ይቆማል።

ጥያቄ፦ ጡንቻዬን ያመኛል፣ ምን ይሆን?

ዶክተር፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ትኩሳት አለህ? ሽንትህ ጠቁሯል? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ሦስቱን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ቤት ሆኖ ብዙ ውሃ ቢጠጣስ?

ዶክተር፦ ከላይ ብያለሁ፤ ሽንት ከጠቆረ ሆስፒታል! እዚያ በደም ሥር በብዛት የሚሰጠውም ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ነው። በአዋቂ ሰው በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሽንት እንዲወጣ ይፈለጋል። ልብ ወይም ኩላሊት ቀድሞ ከደከመ መጠኑ ይለያል፣ ስለዚህ በክትትል ነው። አንቲባዮቲኩም ጎን ለጎን ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው?

ዶክተር፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በዚህ ምክንያት የተጎዳ ኩላሊት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ሐኪሙ «ለጊዜው ዲያሊሲስ ያስፈልጋል» ካለ ቤተሰብ ፈርቶ እምቢ አይበል።