መልስ፦ ለመጀመሪያው የተማሪዎች ጉባኤ
እህቴ፣ ከሐረር ድሬዳዋ ወርደሽ በምትካፈይበት የመጀመሪያው የጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ እንዴት እንደምትጠቀሚ ጠይቀሻል። ከክበብሽ ልጆች ጋር ተጣብቆ መዋል ትልቁ ጥፋት ነው። ሁለት መድረክ በአንድ ሰዓት ሲገጥም ተከፋፍላችሁ ግቡ፣ ማታ ማስታወሻ ተለዋወጡ። በሻይ እረፍት ለማታውቂው ተማሪ «ክበባችሁ ገንዘብ ከየት ያገኛል?» ብለሽ ጨዋታ ጀምሪ፤ ብዙ የሚገኘው እዚያ ነው። ስልክ ስትመዘግቢ ከስሙ ጎን የተነጋገራችሁትን በሦስት ቃል ጻፊ፣ አለዚያ በሳምንቱ ማን ምን እንዳለሽ ይምታታብሻል። ምርጫ ካለ የውክልና ደብዳቤሽ ማኅተም እንዳለው አስቀድመሽ እዪ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ ግን 1,200 ገደማ ስለሆነች ትሞቃለች፤ ስስ የጥጥ ልብስና አንድ ሊትር ውሃ ያዢ። በመንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ጥምዝምዝ የሚያስመልስሽ ከሆነ ከፊት ተቀመጪ።