ስለ አሜሪካ የሕክምና ቢል ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች

የሆስፒታል ቢሊንግ ሥራዬ ስለሆነ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በብዛት የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ በየወሩ እየከፈልኩ፣ ለ5,000 ዶላር ሕክምና 2,600 ክፈል ተባልኩ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የወሩ ክፍያ ፕሪሚየም ነው፤ ከቢሉ ላይ አይቀነስም። ዲዳክቲብልህ 2,000 ነው ብለሃል። ኢንሹራንሱ ማገዝ የሚጀምረው ያንን ከኪስህ ከጨረስክ በኋላ ነው። ከቀረው 3,000 ላይ ደግሞ 20 በመቶው ያንተ ድርሻ ነው፤ ኮኢንሹራንስ ይሉታል። 600 መጣ። ያበሳጫል እንጂ ሂሳቡ ልክ ነው። በዓመት ከኪስህ የሚወጣው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ግን አጣራ። እሱን ከነካህ በኋላ በኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንስህ ጋር ውል ባላቸው ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ዘንድ፣ ለተሸፈነ ሕክምና አትከፍልም።

ጥያቄ፦ ከኢንሹራንሱ የመጣውን ወረቀት ልክፈል?

መልስ፦ አይ! እሱ ኢኦቢ ነው፤ ኢንሹራንሱ ስንት እንደሚከፍል፣ ያንቺ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ መግለጫ እንጂ ቢል አይደለም። የሆስፒታሉን ቢል ጠብቂና ከኢኦቢው ጋር አስተያዪው። ሆስፒታሉ ከኢኦቢው በላይ ከጠየቀሽ ሳትከፍዪ ደውዪ።

ጥያቄ፦ ኢመርጀንሲ የወሰዱኝ ከኔትወርክ ውጭ ወደሆነ ሆስፒታል ነው። አለቀልኝ?

መልስ፦ ከ2022 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ አለ። ለኢመርጀንሲው ሕክምና በኔትወርክ ውስጥ ከምትከፍለው በላይ ሊያስከፍሉህ አይችሉም። የመሬት አምቡላንስን ግን ሕጉ አይሸፍነውም፤ ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ዓመታዊ ቼክአፕ ነጻ አይደለም እንዴ? ለምን ኮፔይ (በየቀጠሮው የሚከፈለውን የተወሰነ ክፍያ) ተጠየቅኩ?

መልስ፦ ነጻ ነው። ግን እግረ መንገድሽን ስለ ጉልበትሽ ሕመም ካነሳሽ፣ ሐኪሙ እሱን እንደ ሌላ ሕክምና የሚያስቆጥር የቢል ኮድ ሊጨምር ይችላል። ኮፔዩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ኢንሹራንስ የላቸውም። ሆስፒታል ተኝተው ወጡ፤ የመጣውን ቢል ዕድሜ ልኬን ሠርቼ አልጨርሰውም።

መልስ፦ እግዜር ይማርልህ። ክሬዲት ካርድ እንዳታወጣ! መጀመሪያ እያንዳንዱ አገልግሎት የተዘረዘረበትን ቢል ጠይቅ። ያልተሰጣቸው መድኃኒት ተቆጥሮ፣ አንዱ ምርመራ ሁለቴ ተመዝግቦ ልታገኝ ትችላለህ። ሆስፒታሉ ለትርፍ የማይሠራ ከሆነ፣ አቅም ለሌለው የሚቀንስበት ወይም የሚተውበት ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብለህ ፎርሙን ጠይቅ። መስፈርቱ እንደየሆስፒታሉ ቢለያይም፣ ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ ለ240 ቀን ማመልከት ትችላላችሁ። ስልኩ ላይ እናትህ ራሳቸው መናገር ከፈለጉም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይከፈልበትም።