ስለ ቀድሞው የዋንስቴድና ዉድፎርድ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁኝ

በሰሜን ምሥራቅ ለንደን ጫፍ ስለነበረው የዋንስቴድና ዉድፎርድ ማዘጋጃ ቤት ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዉድፎርድ ለንደን ነው ወይስ ኤሴክስ? የሰፈሩ ሽማግሌዎች ኤሴክስ ነው ብለው ድርቅ ይላሉ።

መልስ፦ አይፈረድባቸውም፤ እስከ 1965 ድረስ ኤሴክስ በተባለው አጎራባች አውራጃ ሥር ነበር። በ1894 ዋንስቴድና ዉድፎርድ የየራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ሁለት የከተማ ወረዳዎች ሆኑ። በ1934 ተዋሃዱ፣ በ1937 ደግሞ ከንቲባ ያለው ማዘጋጃ ቤት ለመሆን በቁ። ዕድሜው ግን 28 ዓመት ብቻ ነበር። የለንደን አስተዳደር ሲሰፋ ከኢልፎርድ ጋር ተቀላቅለው፣ ከዳገንሃምና ከቺግዌልም ቁራሽ መሬት ተጨምሮ፣ ሬድብሪጅ የተባለ የለንደን ክፍለ ከተማ ሆኑ።

ጥያቄ፦ ሬድብሪጅ የሚለው ስም ከየት መጣ?

መልስ፦ ሮዲንግ ወንዝ ላይ ከነበረ ቀይ የጡብ ድልድይ። ድልድዩ ራሱ በ1921 ፈርሷል። በእኔ ግምት ኢልፎርድ ቢባል ኖሮ ዉድፎርዶች ያኮርፉ ነበር።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ጫካ እንዴት ሳይሸጡት ቀሩ?

መልስ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ስላልነበረ ነው። የኤፒንግ ጫካ በ1878 በወጣ ሕግ በለንደን ሲቲ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም በጥንታዊው የለንደን እምብርት አስተዳደር፣ ጥበቃ ሥር ገብቷል።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት እዚህ ነበር የኖሩት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለእኛ ከማዘጋጃ ቤቱ ታሪክ ሁሉ የሚበልጠውም ይሄ ነው። ከ1924 ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እስከሄዱበት እስከ 1956 ዉድፎርድ ኖረዋል። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሜይ 5 ቀን 1936፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣቸውን ማውጣት ጀመሩ። አዘጋጅነቱን የያዙት ከዚሁ ከዉድፎርድ ነው።

በመንገዱ ዳር ያቆሙት ሐውልትም እስካሁን አለ። አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ፣ ክንፎቿን ወደ ላይ አድርጋ የቆመች የድንጋይ ቦምብ ናት። ጽሑፉን ቀረብ ብላችሁ አንብቡት፤ በ1932 የቦምብ አውሮፕላን የመጠቀም መብትን ለደገፉ ሰዎች፣ የአየር ጦርነትን ለመቃወም የቆመ ነው ይላል። ምጸቱን አያችሁ? ለደጋፊዎቹ የተሰጠ መስሎ የሚቃወማቸው ነው። ሲልቪያ ያቆሙት በራሳቸው ቦታ ላይ ነው። በ1936 ሲመረቅ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን (የኤምባሲ ዓይነት ጽሕፈት ቤት) ጸሐፊ ተገኝተዋል። ሲልቪያ በ1960 አርፈው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ልጃቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ቸርችልስ?

መልስ፦ ተመራጭ እንጂ ነዋሪ አልነበሩም። ከ1924 እስከ 1964 የዚህ አካባቢ የፓርላማ አባል ነበሩ፣ መጀመሪያ በኤፒንግ፣ ከ1945 ወዲህ በዉድፎርድ ስም። ሐውልታቸው ዉድፎርድ ግሪን የተባለው ሜዳ ላይ ቆሟል። ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ እሱ ጋ ይሰለፋል፣ ቦምቧን ግን አልፏት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቦምቧን ለማየት በየት እንሂድ?

መልስ፦ ሴንትራል ላይን የተባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ይዛችሁ ዉድፎርድ ጣቢያ ውረዱ። ከዚያ ሃይ ሮድን ተከትላችሁ ወደ ሰሜን በእግር ነው። ትንሽ ስለሆነች ዓይናችሁን ከመንገዱ ዳር አትንቀሉ።